ማጣሪያውን ያስተማርኩት

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት 2፡40

መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። ሰርቨሩ አልወደቀም። ባትሪው እያቃሰተ ተሸክሞታል። እኔም ማቆያውን ከፍቼ እየጠራረግሁ ነው። ማጣሪያው አይፈለጌ ብሎ ያሰራቸውን ደብዳቤዎች አያለሁ፤ ስፓሙን እጥላለሁ፤ በስህተት የታሰረ ካለ እለቃለሁ። የሞተ ጄኔራል ሀብት የሚያወርሱኝ አራት ሰዎች። የራሰ በራ መድኃኒት። አዲሱ ደግሞ በአማርኛ የሚመጣው ነው፦ «እንኳን ደስ አለዎት! ተመርጠዋል! እዚህ ይጫኑ!» ከግምጃ ቤት ሁለት ሰው አምኖ ተጭኖታል። ሄጄ የይለፍ ቃላቸውን ቀየርኩ። ማን መረጠን ብላችሁ ነው? አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

5፡00። ከሳምንቱ ስብሰባ መልስ። ደብተሬ፣ ዛሬ የምነግርህ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈንታሁን የባንቺአምላክን ደብዳቤ ቆመው አነበቡ። ቆመው! ባንቺአምላክ የቡሬ ቅርንጫፋችን አዲስ ጸሐፊ ናት፤ የሙከራ ጊዜዋን እንኳ አልጨረሰችም። የመሪጌታ ልጅ ናት። ስትጽፍ አባቷ አጠገቧ ቁጭ ብለው የሚያስጽፏት ይመስላል። «ከሁሉ አስቀድሞ እንደ ግሽ ዓባይ ምንጭ የማይነጥፍ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ፤ ፈጣሪ የዘራችሁትን ይባርክ፤ ጎተራችሁን አያጉድል…» ጉዳዩ ምን ነበር? የጆንያ እጥረት። ስለ ጆንያ! ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ፈንታሁን ደብዳቤ ማለት ይኼ ነው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «የአንቺ ማስታወቂያማ፣ ወይዘሪት ይታይሽ፣ የቆጣሪ ንባብ ነው የሚመስል» አሉ። ሳቅ በሳቅ።

ይኼን የገበሬዎች ዩኒየን በኢሜይል ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቴ። ከቡሬ፣ ከጅጋ፣ ከሰከላ፣ ከቋሪት፣ የማኅበራቱ ደብዳቤ ሁሉ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። «ሰርቨሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይዘጋል» ብሎ መጻፍ ምን ይጎድለዋል?

የግብዓት ክፍሉ ስማቸውም ሳቀ። እሱ ባይስቅ ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ከሰዓት 9፡15

ሎጉን አየሁ። ሥራዬ ነው፣ በየቀኑ አየዋለሁ፣ ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም። ሎግ ማለት የፖስታው ጀርባ ነው፦ ማን፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት። ውስጡን አልከፍትም። የሰው ደብዳቤ ላልከፍት ሥራ የገባሁ ዕለት ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ያስገደደኝ የለም፤ ጠብቄዋለሁ።

ግን የፖስታ ጀርባም ይናገራል። ትናንት ብቻ፣ ከባንቺአምላክ ወደ ስማቸው ዘጠኝ። ከስማቸው ወደ ባንቺ ዘጠኝ። አንዱ በገባ በአምስት ደቂቃ መልሱ ይወጣል። ለእኔ የጻፈልኝን ፈለግሁ። የመጨረሻው የካቲት ላይ ነው። ርዕሱ፦ «ፕሪንተር»።

ስ. የግብዓት ክፍል ኃላፊ ነው። ዘርና ማዳበሪያ የሚያድለው እሱ። ደግሞ የእኔ ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነን። ከፋሲካ በኋላ ጅጋ አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረን ነበር። ፋሲካ አለፈ። ዛሬ ምሳ ላይ አነሳሁበት። የዘሩ ግርግር ይለፍ አለኝ። የዘሩ ግርግር! በቀን ዘጠኝ ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ግርግሩ አላገደውም።

ቅናት ነው። ይኸው ጻፍኩት። ስሙን ብጠራው ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8። ከሰዓት 10፡30

ባ. መጣች፣ የቡሬዋ። የቅርንጫፍ ሠራተኞች የኢሜይል ሥልጠና ነበር፤ አሠልጣኟ እኔ። የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ክፉ ብትሆን እንዴት ደግ ነበር! አይደለችም። እናቷ ያዘጋጀችውን የቡሬ በርበሬ በላስቲክ ቋጥራ አመጣችልኝ። አልቀበልም ስል፣ «ምነው እታለም፣ ባዶ እጄን ልምጣ?» አለች። ተቀበልኩ። ምን ላድርግ።

ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ማጣሪያው ደብዳቤውን ክፉ ነው ደግ ነው የሚለው በምን አውቆ ነው አለች። አያውቅም፣ ቃል ነው የሚቆጥረው አልኳት። እኔ ስፓም የሆነ ደብዳቤ እሰጠውና ይኼ ክፉ ነው እለዋለሁ፤ ቃላቱን ይይዛል። ሌላ ጊዜ እነዚያን ቃላት የያዘ ሲመጣ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ ከአምስት ካለፈ ማቆያ ይገባል። እዚያ አሥራ አምስት ቀን ቆይቶ ካልተለቀቀ በራሱ ይጠፋል። አሰብ አደረገችና፣ «እንግዲያስ ዳኛው እሱ አይደለም፤ አንቺ ነሻ!» አለች። ሰው ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

በሻይ ዕረፍት ስ. አጠገቧ ቆመ። እያሳቃት ቢሆን ምንም አልል። ያዳምጣት ነበር። እኔ ስናገር ስልኩን የሚያይ ሰው፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

ወጥቼ ዘሀራ ሱቅ ገባሁ። ከቢሮው ማዶ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። ቤተሰቦቿ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷ ደግሞ ደንበኛ አባብላ አታውቅም፣ ጓደኛም። ሁሉንም ነገርኳት። በርበሬውን ፈትታ አሸተተችና ምርጥ ነው አለች። አንቺ ከማን ወገን ነሽ? አልኳት። «በርበሬው ምን አጠፋ?» አለች። እሷው ዘንድ ትቼው ወጣሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11። ጠዋት 5፡40

አደረግሁት።

ወደ አቶ ፈንታሁን ቢሮ ሳልፍ የግብዓት ክፍል በር ክፍት ነበር። ስ. ኮምፒውተሩ ፊት ብቻውን ፈገግ ብሏል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየደጋገመ ነው የሚያነበው። ምንድን ነው? አልኩ። ምንም፣ ቡሬ ናት አለ። «ቡሬ» ማለት እንግዲህ እሷ ሆነች፤ ከተማው ሁሉ እሷ።

ተመለስኩ። የባ. ደብዳቤዎች ቅጂ ሰርቨሩ ላይ አለ። አርባ ስድስት። አንዱንም አልከፈትኩም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ሳልከፍት ሁሉንም ማጣሪያው ክፉውን የሚማርበት ማኅደር ውስጥ ከተትኳቸው። አንድ መስመር ትእዛዝ። 5፡12። ይኼ ሁሉ ስፓም ነው አልኩት፤ አመነኝ። ማሽን ምቀኛን ከቅን ሰው አይለይም።

5፡20 ላይ አዲስ ደብዳቤዋ መጣ፤ ለስ. የተጻፈ። 7.8 ነጥብ። ማቆያ ገባ።

አላገድኳትም። ማገድ ሌላ ነገር ነው፤ ያስጠይቃል። ከሥራ ከመውጣቴ በፊት እየለቀቅሁ እሄዳለሁ። ይዘገያል እንጂ አይቀርም። እኔ ሁለት ዓመት ጠብቄ የለ? ደብዳቤ ግማሽ ቀን ቢጠብቅ ምን ይሆናል?

መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ ደስ አለኝ። ሁለቱንም ልጻፋቸው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13። ከሰዓት 11፡00

ባ. ሰኞ ለግምጃ ቤት የጻፈቻቸውን ሁለቱን ለቅቄያለሁ። ትናንት አልለቀቅሁም። ዛሬም አልለቀቅሁም። ነገ።

ስ. ጊዜ አገኘ! ምሳ አብረን በላን። ከሥራ በኋላ እስከ መናኸሪያው በእግር ሸኘኝ፤ ስለ ወንድሙ ቤት አሠራር አወራኝ፤ ጭቃ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘ። ግን ሁለት ጊዜ ስልኩን አውጥቶ አይቶ መለሰው። ቡሬ ኔትወርክ ጠፍቷል እንዴ? አለኝ። አዎ፣ ጠፍቷል አልኩ። ስለ ሥራዬ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ነው። ምላሴ ላይ እንዴት ቀለለ!

ትደውልለት ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። አትደውልም። ጨዋ ናት፤ ነገሯን ሁሉ በጽሑፍ ነው። አቶ ፈንታሁንም ቢሆኑ በጽሑፍ ያልቀረበ ቅሬታ አይሰሙም። ጨዋነቷ ጠቀመኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16። ጅጋ

አባቴ ዘንድ ነኝ። ዝናቡ ደህና ይዟል። ምርጥ ዘር በቆሎውን ከማኅበሩ ወስዶ ሐሙስ ዘርቶ ጨርሷል። ጎረቤቶቹ ፍሬው ላይ ቀዳዳ አይተው አመንትተው ነበር አሉ። አባቴ፣ ልጄ ያለችበት ቤት ክፉ ዘር አይሰጠንም ብሎ አስዘራቸው። ይኼን ሲያወራ ደረቱ ሰፍቶ ነበር። እኔም ኮራሁ።

ከምሳ በኋላ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለን፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ይኼን አጥር ላድሰው ብዬ ነበር፤ እንግዳ የሚመጣ እንደሆነ። የማይመጣም ከሆነ ክረምቱ ይለፍ» አለኝ። አባቴ ሽማግሌ የሚለውን ቃል በልጁ ፊት አይጠራም። አጥር ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ አጥር ሲል ነው የኖረው።

ያድሱት አባባ፣ ቅርብ ነው አልኩት። እኔ በእርስዎ ነው የማናግረው፣ ለአንተ ለደብተሬ ስጽፍ ግን እሱ እለዋለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19። 6፡10

ተመሰገንኩ! አቶ ፈንታሁን በመምሪያ ኃላፊዎች ፊት፣ ይታይሽ ማጣሪያሽ ተባርኳል፣ ያ ከገጠር የሚጎርፍብኝ የቅሬታ መዓት እንኳ ረገብ አለ አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስ. ጭምር። ስድስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጠፋ ብቻ ነበር የምጠራው። ሙቀት ፊቴ ላይ ወጣ።

ማቆያው ግን አብጧል። አልተመለከትኩትም። ስሟን እዚያ ተደርድሮ ማየት አልፈልግም። አንድ የገረመኝ ነገር፣ «ተመርጠዋል!» የሚለው ስፓም ዛሬ ሦስት ሰው ዘንድ አልፎ ገባ። ለምን አለፈ? ሐሙስ አየዋለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21። ጠዋት 4፡30

ቄስ አሻግሬ መጡ። ቋሪት፣ የገበዝ ማርያም ማኅበር ጸሐፊ ናቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ነው የመጡት። ሦስት ደብዳቤ ጽፈው መልስ አጥተው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አቶ ፈንታሁንን እጅ ነስተው፣ «ጌታዬ፣ ምናልባት አጻጻፋችን ለእናንተ ሳይመጥን ቀርቶ እንደሆነ ብለን ነው በአካል የመጣነ» አሉ። ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን በቆሎ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት። መቶ ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ሰባት ቀን አቆይተዋል። የበቀለው አሥራ አንድ። የቀረውን በጣታቸው ሲጫኑት ዱቄት ሆነ። ነቀዝ። በታችኞቹ ቀበሌዎች ዝናቡ ገብቷል፣ ሰው በሬውን ጠምዶ ቆሟል፣ ዝራ እንበለው ወይስ አትዝራ?

የአቶ ፈንታሁን ፊት ተለዋወጠ። ወዲያው ለማኅበራቱ ሁሉ ተደወለ፤ ያ ዘር ይቁም፣ ምትክ ይፈለጋል። ከዚያ ቡሬ ተደወለ፤ የስልኩ ድምፅ ለሁላችን ተከፍቶ። ባ. በሰላም እንዳደሩ ጠይቃ፣ ስለ ዘሩ ከማክሰኞ ግንቦት 12 ጀምራ አራት ጊዜ ለሥራ አስኪያጁ መጻፏን፣ ግልባጭ ለአቶ ስማቸው ማድረጓን ተናገረች። ስ. አንድም አልደረሰኝም አለ። እውነቱን ነው። አቶ ፈንታሁን ስልኩን ዘጉ። ቄሱ የገጠር ሰው ናቸው፣ አድራሻ ተሳስተው ይሆናል፤ ይቺ ግን ሳትልክ ላክሁ እያለች ነው፤ አጻጻፏ አታሎኝ ኖሯል፤ ሰኞ ትምጣና ስብሰባው ላይ አሰናብታታለሁ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ፦ ሰርቨሩ የሚለውን አትመሽ ሰኞ ይዘሽ ነይ።

ላጣራ አልኩ።

7፡30። ማቆያውን ከፈትኩ። ስልሳ ሦስት ደብዳቤ። ግማሹ የባ.። ግማሹ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። የቄስ አሻግሬ ሦስቱ። የሰከላ። የጅጋ። ማጣሪያው ከእያንዳንዱ ጎን ለምን እንዳሰረው ጽፏል፦ «ሰላምታዬ» ይኼን ያህል ነጥብ፣ «ይድረሳችሁ» ይኼን ያህል፣ «ፈጣሪ»፣ «ይባርክ»። ሁሉም «ከሁሉ አስቀድሞ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ገጠሩ እንዲህ ነው የሚጽፈው። ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይል ጉዳይ እንደማይነሳ፣ በደብዳቤም አይነሳም። እኔ ደግሞ አርባ ስድስት የባ. ሰላምታ አብልቼው፣ ሰላም የሚል ሁሉ ክፉ ነው ብዬ አስተማርኩት። ሰላም የማይለው፣ «ተመርጠዋል፣ ይጫኑ» የሚለው፣ በደጅ ሰተት ብሎ ገባ። የእኔም ማስታወቂያዎች በደንብ አልፈዋል።

የጅጋው ደብዳቤ ቀኑ ግንቦት 14 ነው። ሐሙስ። ዘሩ ቀዳዳ አለው፣ እንዝራ ወይስ እንቆይ ይላል። አባቴ የዘራው ያን ዕለት ነው።

9፡00። ቃሌን አፈረስኩ። የባ.ን ደብዳቤዎች ከፈትኩ። ዘር፣ ዘር፣ የበቀለው ስንት፣ ያልበቀለው ስንት። መጀመሪያ ካሰርኩት፣ ከሰኞ 5፡20ው ደብዳቤ ግርጌ ግን፣ የምትመልስለት የስ. ጽሑፍ ነበር፦ «ደብዳቤሽን ሳላነብ ቀኔ አይጀምርም።»

እንግዲህ አላበድኩም ነበር። ለእኔ «ፕሪንተር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይኼንንም መጻፍ ይችላል።

ከላዩ ደግሞ የእሷ መልስ፦ «ወንድም ስማቸው፣ ቃል ያለዎት ሰው መሆንዎን ሰምቻለሁ። የእኔ ደብዳቤ ለሥራ ነው፤ ከእንግዲህ የሥራውን ብቻ ይመልሱልኝ። ለእታለም ይታይሽ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ በደንብ አድርጋ አስተምራኛለች።»

ይኼ ደብዳቤ ቢደርሰው ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ያልቅ ነበር። በገባ በደቂቃ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 22። 5፡15

ማጣሪያው የተማረውን እንዲረሳ አዝዤ ሁሉንም ብለቅ፣ ደብዳቤዎቹ ከነቀናቸው በየሰዉ ጠረጴዛ ይወድቃሉ። የት ታስረው እንደነበርም ይታወቃል። ዝም ብል ደግሞ የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ማክሰኞ አሥራ አምስት ቀን ይሞላታል፣ በራሷ ትጠፋለች። ሌሎቹም በተራቸው። እጄን እንኳ ማንሳት አይጠበቅብኝም።

ዘሀራን አማከርኳት። ማሽኑ ተሳሳተ በያ አለችኝ። አስቤው ነበር። ማሽኑን ማን አሳሳተው ቢሉኝስ? «ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ፣ አውቀሽዋል» አለች። ተናደድኩባት።

8፡40። ስ. ቢሮዬ ገባና በሩን ዘጋ። ዘግቶ አያውቅም። ሎጉ ሲታተም የደብዳቤው ውስጥም ይወጣል ወይ? አለኝ። የፖስታው ጀርባ ብቻ አልኩት። እፎይ ብሎ ተነፈሰ፤ ሰማሁት። የቡሬዋን ነገር አለቃችን ወስነዋል፣ እኛ ምን አገባን አለ። ላክሁ ያለችው ውሸት ይመስልሃል? አልኩት። ጫማውን አየ። አይመስለኝም፣ ግን እኔ አልደረሰኝም፣ ከዚያ በላይ ምን እላለሁ አለ። ከዚያ በዚያው ትንፋሽ፣ «አጎቴን አነጋግሬዋለሁ። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹ ጅጋ ይሄዳሉ።»

ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቃል መጣ። ደስታውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ያለ ደብዳቤዋ ቀኑ የማይጀምርለት ሰው፣ እንጀራዋ ሲነሳ ጫማውን ያያል። ነገ የእኔም ተራ ሲደርስ ጫማው እግሩ ላይ ነው።

ግን ልዋሽህ አልችልም፣ ደብተሬ። አሁንም እቀናለሁ። ያቺን አንድ መስመር ለእኔ ጽፏት ቢሆን ኖሮ፣ የባ.ን ሥራ አሳልፌ ሰጥቼ እሱን እቀበለው ነበር ይሆን? እንጃ። አልጻፈልኝምና አላወቅሁትም።

እሑድ፣ ግንቦት 24። 7፡00

አባቴ ጋ ደወልኩ። ስንቱ በቀለ? አልኩ። «አልፎ አልፎ ይታያል። ቁራ ለቅሞት ይሆናል» አለ። ሐሙስ ለማኅበሩ የተደወለውን ወሬ ሰምቷል፤ ግን አላመነም፣ ወይም ማመን አልፈለገም።

ቁራ አይደለም አባባ፣ ዘሩ ነቅዞ ነው አልኩት። ማኅበሩ ዘሩን ሳትዘሩ በፊት ጽፎ ነበር። ደብዳቤውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል።

«አንቺ?»

እኔ።

«ጎረቤቶቹ በእኔ ቃል ነው የዘሩት» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ምትክ ዘር በዚህ ሳምንት ይመጣል፣ ሰኔ ሳይገፋ ገልብጣችሁ መዝራት ትችላላችሁ፣ ለእነሱም ንገሯቸው፣ የእኔንም ጥፋት ንገሯቸው አልኩ። እነግራቸዋለሁ አለ። ከዚያ፣ «አጥሩን አድሼዋለሁ።»

እንግዳ አይጠብቁ አባባ አልኩት።

«እሺ» አለ። «አጥሩማ ለከብቱም ይሆናል።»

ሰኞ፣ ግንቦት 25። ጠዋት 1፡50

መብራት የለም። ዘሀራ ሱቋን በጠዋት ከፍታ ጄኔሬተሯን አስነሳችልኝ። ሎጉን አተምኩ። አሥራ አራት ገጽ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፦ ተጠቃሚ ይታይሽ፤ ግንቦት 11፤ 5፡12፤ ስፓም ተብለው የተማሩ ደብዳቤዎች፣ 46። ዘሀራ አነበበችው። ጥጉን በስቴፕለር መታችና አስጨበጠችኝ። «በርበሬውን ግን አልመልስልሽም» አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር።

2፡25። ቢሮ። መብራት መጣ። ለአቶ ፈንታሁን መጻፍ ጀመርኩ። በሦስት መስመር አላልቅ አለኝ። «ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ፈጣሪ ቀንዎን ይባርክ» ብዬ ጀመርኩ። ዕድሜዬን እንዲህ ጽፌ አላውቅም። ምን እንዳደረግሁ፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ቀንቼ እንደሆነ። ባንቺአምላክ አራቱንም ደብዳቤ መላኳን። ቄስ አሻግሬ አድራሻ አለመሳሳታቸውን። አንድ ገጽ ሞላ። ላክሁ።

አልደረሰም። ማቆያውን ከፈትኩ። የእኔ ደብዳቤ ከላይ ተቀምጧል። 8.3 ነጥብ። «ሰላምታዬ»። «ይድረስዎ»። «ፈጣሪ»። በደንብ አስተምሬዋለሁ።

ሳቅሁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እዚያው ልተወው እችል ነበር፤ ማሽኑ ራሱ አስሮልኛል፣ አሥራ አምስት ቀን ጠብቆ ያጠፋልኛል።

2፡41። የተማረውን እንዲረሳ አዘዝኩት። ከዚያ መልቀቅ ጀመርኩ፣ አንድ በአንድ፣ በእጄ። መጀመሪያ የባ.ን የሰኞ 5፡20። ከዚያ የዘሩን አራቱን። የቄስ አሻግሬን። የሰከላን። የጅጋን። የቀሩትን ሁሉ። በመጨረሻ የእኔን።

2፡52። ከግድግዳው ማዶ የስ. ኮምፒውተር ደብዳቤ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ተጀመረ። አንድ። ሦስት። ዘጠኝ። ወንበሩ ተንቋቋ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። የመጀመሪያዋን እያነበበ ነው።

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ነው። ባ. ከቡሬ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ በቢሮዬ በር መስታወት በኩል ትታየኛለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ልትባረር እንደመጣች ነግረዋታል፤ አላጎነበሰችም። እንዲህ ሆና መቆሟም ያስቀናኛል፤ ይኼን ቅናት ግን አልጠላሁትም። ወረቀቶቹን ይዣለሁ። ወጥቼ መጀመሪያ ሰላም እላታለሁ። ከዚያ አብረን እንገባለን፤ ወረቀቶቹን አቶ ፈንታሁን ፊት አኖራለሁ።